ቀዩ መርፌ



«ደም አንሶኛል፤ ቫይታሚን ልወጋ» ብሎ መድኃኒት ቤት የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን አይወጣም። የሚሰጠው የቢ1፣ የቢ6 እና የቢ12 ድብልቅ መርፌ ቀይ ስለሆነ ደም የሚተካ ይመስላል። ቅላቱ ግን የቢ12 ነው፤ ኮባልት የሚባለው ማዕድን ያመጣው። ብረት በውስጡ የለም። በዓለም ዙሪያ የደም ማነስ ቀዳሚ መንስኤ ደግሞ የብረት እጥረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ቁጥሩ 44 እና 17 በመቶ ነበር።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈነዳል፤ ሁክዎርም ከአንጀት ደም ይመጣል። ወባው ሳይታይ ቫይታሚን የተወጋ የእርሻ ሠራተኛ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያጣል። የላቦራቶሪው ቁጥር ራሱ እንደ ቦታው ከፍታ መነበብ አለበት፦ ከ1,600 ሜትር በላይ ባለችው አዳማ የተለካ በዴሲ ሊትር 12 ግራም ሄሞግሎቢንና 950 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው መተሐራ የተለካው 12 ግራም እኩል አይነበቡም።

መርፌው ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ጨጓራው ቢ12ን ለመምጠጥ የሚረዳውን ፕሮቲን የማያመርት ሰው ያለ መርፌ ወይም ያለ ከፍተኛ መጠን ኪኒን አይድንም። በዚህ ምክንያት የሚመጣው ደም ማነስ እ.ኤ.አ. በ1926 ሐኪሞቹ ማይኖትና መርፊ ሕሙማንን በየቀኑ ጉበት እያበሉ እስኪያሻሽሏቸው ድረስ ገዳይ ነበር፤ ሁለቱ ከተመራማሪው ዊፕል ጋር በ1934 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ቢ12 ራሱ ነጥሮ የወጣው ግን በ1948 ነው። ለብዙ ዓመታት ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀ ሰውና ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛም በቢ12 እጥረት ሊጠረጠሩ ይገባል።

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። የቢ12 እጥረት ላለበት ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻ ቢሰጠው ደሙ ይሻሻላል፤ ነርቩ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል። ከምርመራ በፊት የተወጋ ቢ12 ደግሞ የደሙን ውጤት ከፍ አድርጎ እጥረቱን ይደብቃል።

የብረት ኪኒንም ቢሆን ምክር ይፈልጋል፦ ለነፍሰ ጡር ሴት የሚታደለው 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ያለው ኪኒን ማቅለሽለሽና ጥቁር ሰገራ ያመጣል። አስቀድሞ ያልተነገራት በመሃል ብታቋርጥ አይገርምም። ቡናና ሻይም ከኪኒኑ ጋር አይጠጡ፤ ብረቱ በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ።

ስለዚህ እናንተ ነርሶች፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች ከዚህ የሥልጠና አዳራሽ ስትወጡ፣ ቀዩን መርፌ ከመክፈታችሁ በፊት ሲቢሲ (ሙሉ የደም ቆጠራ) ይታይ፣ ሴሎቹ ትንንሽ ናቸው ወይስ ትልልቅ ተብሎ ይለይ፣ ወባ ይመርመር፣ ሴቶች ስለ ወር አበባቸው ብዛት ይጠየቁ። ሥልጠናው በይፋ ተከፍቷል።