ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ምን ዓይነት ነው?



የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. በ34 ማኅበራት ሲቋቋም የመሩት አቶ ታደሰ መስቀላ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ወደቀ። በ1998 ዓ.ም. ለዕይታ በበቃው «ብላክ ጎልድ» ዘጋቢ ፊልም ላይ አቶ ታደሰ በገበሬዎች መካከል ሆነው አንድ ሲኒ ቡና ውጭ አገር በስንት እንደሚሸጥ ሲያስረዱ ይታያሉ።

ጥሩ ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ነው። የገበያውን ነገር ለብቻው አይዝም። ዋጋ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ሲወርድም ራሱ ቀድሞ ለአባሉ ይናገራል፤ ዝም ካለ ወሬ ይቀድመዋል፣ አባሉም ምርቱን ለነጋዴ ይሰጣል። ምርት በባለቤቱ ፊት እንዲመዘን፣ ደረሰኝም በዕለቱ እንዲሰጥ ያደርጋል። ሂሳብ ሠራተኛው፣ ገንዘብ ያዡና የመጋዘን ሠራተኛው የየራሳቸውን ድርሻ ለይተው እንዲያውቁ ያደርጋል፤ ጉድለት ሲገኝ በጊዜ ያርማል እንጂ አይሸፍንም።

ይሁን እንጂ ሥራ አስኪያጅ ተቀጣሪ ነው፤ ባለቤቱ አባሉ ነው። ባለ ብዙ ማሳውም ባለ ጥማድ መሬቱም ድምፁ አንድ ነው። ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤ ሂሳብ ሲነበብ ያልገባው አባል እጁን ያውጣ። ጠያቂ አባል ባለበት ማኅበር ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ይበረታል፤ ሰነፉም ይታረማል።

መልካም የምሥረታ በዓል!