ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ናቸው ስንል



አንድን ፕሮግራም ፈጣን ይሆናል ብለን በሌላ በተካን ቁጥር «ሁለቱ አንድ ናቸው» የሚል ቃል ሰጥተናል። ይህን ቃል በምን እናስረዳለን? ፕሮግራሙ ቁጥር ተቀብሎ ቁጥር የሚመልስ ብቻ ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር መልሳቸው አንድ መሆኑን ማስረዳት በበቃ ነበር። ፈንክሽን ሌላ ፈንክሽን በሚቀበልበትና በሚመልስበት ቋንቋ ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም።

ጄምስ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1968 በዶክትሬት ጽሑፉ ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም መሠረታችን ነው፤ ይኸውም ሁለት ቁራጮች አንድ የሚሆኑት ማናቸውም የሚያቅፋቸው ፕሮግራም ሊለያቸው ሳይችል ሲቀር ነው የሚል ነው። ትርጉሙ ያማረ ነው፤ መከራው ያለው «ማናቸውም» በሚለው ቃል ላይ ነው። ለሁሉም የሚሆን መካኒካዊ ዘዴ እንዳንመኝም፣ ራልፍ ሎደር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ እውነትና ሐሰት ብቻ ባሉት እጅግ ትንሽ ቋንቋ እንኳ ይህን የሚወስን ስልት እንደሌለ አረጋግጧል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። «ሀ» የተባለው ፈንክሽን ከውጭ የማይታይ አንድ የማስታወሻ ቦታ አለው። ሌላ ፈንክሽን ተቀብሎ በቦታው 0 ያኖራል፤ የተቀበለውን ይጠራል፤ 1 ያኖራል፤ እንደገና ይጠራል፤ በመጨረሻ በቦታው ያለውን ይመልሳል። «ለ» ግን የተቀበለውን ሁለት ጊዜ ጠርቶ 1 ይመልሳል፤ ሌላ የለውም።

እኔ መጀመሪያ ሳየው ይለያያሉ ብዬ ፈርጄ ነበር። የተጠራው ፈንክሽን ዞሮ «ሀ»ን ራሱን ቢጠራ ቦታው 0 ይሆናላ! ተሳስቻለሁ፤ የውስጡ ጥሪ 1ን ሳያኖር ከቶ አይመለስም። ድራየር፣ ናይስና ቢርኬዳል እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ዓይነቱን ማስረጃ ሥርዓት አስይዘውታል፤ ቦታው ከ1 ወደ 0 መመለስ የሚፈቀድለት በጥሪው ውስጥ ብቻ ነው፣ ጥሪው ሲያበቃ ግን ወደ 1 መመለስ አለበት።

አሁን በቋንቋው ላይ ኤክሴፕሽን እንጨምር። ለ«ሀ» የሰጠነው ፈንክሽን፣ በተጠራ ቁጥር «ሀ»ን እንደገና ይጥራ፤ ለዚህ ለውስጠኛው ጥሪ የሚሰጠው ግን ወዲያው ኤክሴፕሽን የሚወረውር ፈንክሽን ይሁን፤ የተወረወረውንም እሱው ይያዘው። የውስጡ ጥሪ 0 አኑሮ 1 ሳያኖር ተቋረጠ። የውጩም «ሀ» 0 መለሰ፤ «ለ» ግን በዚያው ፈንክሽን 1 ይመልሳል። ልብ በሉ፤ ከሁለቱ ፕሮግራሞች አንዲት ፊደል አልነካንም።

ስለዚህ የኮምፓይለር ሥራ ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ይህን በዚያ መተካት ይቻላል» የሚል ደንብ ስትጽፉ፣ ማስረጃው የቆመው በየትኛው ቋንቋ ላይ እንደሆነ ከደንቡ ጎን ጻፉልን። በሌላ ቋንቋ ከተጻፈ ክፍል ጋር ሲገጣጠም ኤክሴፕሽኑ ከዚያ ሊመጣ ይችላልና።