ከቅጣት በኋላ የመኪና ኢንሹራንስ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን ስለ ኢንሹራንስ እንድናገር ሲጠይቁኝ «ባለሙያ ፈልጉ» ብያቸው ነበር። እሳቸው ግን «የምንፈልገው የደረሰበትን ሰው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ደርሶብኛል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድ የክርስትና ድግስ ስመለስ እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ አስቆመኝ። «ሁለት ሦስት ብርሌ ጠጅ ምን ያደርጋል?» ብዬ ነበር የተነሣሁት። በሕጉ በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ ወንጀል ነው፤ የኔ አልፎ ተገኘ። ፍርድ ቤት የገንዘብ መቀጫ ጣለብኝ፤ መንጃ ፈቃዴም ለአንድ ዓመት ተሰረዘ። ለሥራ የሚያገለግል የተወሰነ ፈቃድ ቢሰጠኝም፣ ትንፋሽ ለክቶ ሞተር የሚያስነሣ መሣሪያ መኪናዬ ላይ ተገጠመ። ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ ምንድን ነው የምትነፋው?» ቢለኝ «የመኪናው መድኃኒት ነው» አልኩት። ዋሸሁት።

መቀጫው ተከፍሎ አለቀ፤ ያላለቀው ኢንሹራንሱ ነው። የነበርኩበት ኩባንያ ውሌን አላድስም አለ። የተቀበለኝም የፊተኛውን ሦስት እጥፍ ጠየቀኝ። ኩባንያ ዋጋ የሚተምነው መዝገባችንን አይቶ ነዋ! በቨርጂኒያ ጠጥቶ ማሽከርከርም ሆነ በግድ የለሽነት ማሽከርከር በመዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ይህ «ግድ የለሽነት» የሚባለውም ቀላል አይምሰላችሁ፤ ከተወሰነው ፍጥነት በ20 ማይል መብለጥ ወይም በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት እስከ 12 ወር ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው።

እንግዲህ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። ኤስ.አር. 22 እና ኤፍ.አር. 44 የሚባሉት ራሳቸው ኢንሹራንስ አይደሉም፤ ኩባንያው «ይህ ሰው ኢንሹራንስ አለው» ብሎ ለዲ.ኤም.ቪ. የሚልካቸው ማረጋገጫዎች ናቸው። ጠጥቶ በማሽከርከር የተቀጣ ሰው የሚጠየቀው ኤፍ.አር. 44 ነው፤ እሱ ደግሞ ሽፋኑ እጥፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሌላው ሰው ቢያንስ ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ በአንድ አደጋ ለሚጎዱት ሁሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ሲገባ፣ ኤፍ.አር. 44 ያለበት 100,000፣ 200,000 እና 50,000 ይገባል። ግዴታው ለሦስት ዓመት ነው።

የባሰው ስሕተቴ ከዚህ በኋላ መጣ። የባንክ ካርዴ ተለውጦ የአንድ ወር ክፍያ ሳይገባ ቀረ። ኩባንያው ውሉን አፍርሶ ለዲ.ኤም.ቪ. አስታወቀ፤ ፈቃዴም ታገደ። በማግሥቱ ሥራ አለብኝ። «የምሠራበት ፓርኪንግ ቅርብ ነው፣ ማን ያየኛል?» ብዬ ስነሣ ቁልፉ የለም፤ ለካ ባለቤቴ በርበሬ ዕቃ ውስጥ ደብቃዋለች። ተጣላን። በአውቶቡስ ሄድኩ። ያን ቀን ሰው ገጭቼ ቢሆን ኖሮ ሕክምናውን ማን ይከፍል ነበር? እድራችን አስከሬን ይሸኛል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል፤ የተገጨ ሰው ዕዳ ግን አይከፍልም።

ስለሆነም ይህ የደረሰበት ሰው የሚከተለውን ያድርግ፤

አንደኛ፣ ቅጣቱን ከኩባንያው አይደብቅ፤ ከመዝገቡ ያገኙታል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ቦታ ዋጋ አይወሰን። ኤፍ.አር. 44 የማይልኩ ኩባንያዎች ስላሉ ብዙ ወኪሎችን ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ መኪናውን ቢሸጥም ግዴታው አይቀርለትም፤ መኪና ለሌለው ሰው የሚሸጥ ውል ስላለ እሱን ይግዛ።

አራተኛ፣ አዲስ ውል ሳይጀምር አሮጌውን አያቋርጥ፤ አንድ ቀን እንኳ ክፍተት አይኑር።

አምስተኛ፣ ሁሉም እምቢ ቢሉት ተስፋ አይቁረጥ፤ በቨርጂኒያ እንዲህ ያለውን ሰው ለኩባንያዎች የሚያከፋፍል ፕላን አለ፤ ወኪሉን ይጠይቅ። ሜሪላንድ ለምትኖሩም፣ ሌላው ለማይቀበለው አሽከርካሪ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1972 በሕግ የተቋቋመ ድርጅት አለ።

ወገኖቼ፣ እኔን የጎዳኝ ከገንዘቡ ይልቅ ሐፍረቱ ነው። ስንት ወር ለቅሶ ስቀር «ሥራ በዝቶበት ነው» ትሉ ነበር፤ የሚያደርሰኝ ሰው መለመን አፍሬ ነው። ለቅሶ ቤት አብረን እንደምንሄድ ሁሉ ፍርድ ቤትም አብረን እንሂድ። ድግስ ላይም ቁልፍ የሚቀበል አንድ ያልጠጣ ሰው እንመድብ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የመጀመሪያው ተራ የኔ ይሁን።