አምስት ሰዓት ብዬ ነበር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር)



አምና በዚሁ አዳራሽ ቆሜ፣ «እዚሁ ዋሽንግተን የሚካሄደውን የማሪን ኮር ማራቶን ከ5 ሰዓት በታች እጨርሳለሁ» ብዬ ፎክሬ ነበር። ብዙዎቻችሁ ለምሮጠው ለእያንዳንዱ ማይል ለብድር ፈንዳችን ገንዘብ ለመስጠት ቃል ገባችሁ። አንዳንዶቻችሁም «ካልሽው ሰዓት በታች ከገባሽ እጥፍ እናደርገዋለን» አላችሁ። ዛሬ የቆምኩት ሂሳቡን ላወራርድ ነው።

የገባሁት በ5 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነው። እጥፉ አልተገኘም።

ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቀኝ ጉልበቴን በውጭ በኩል ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ደረጃ ስወርድ ብቻ ነበር። በኋላ ግን ሥራ ቦታ አዛውንቶችን ከአልጋ ሳነሳም ይወጋኝ ጀመር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ከዳሌ እስከ ጉልበት የሚወርደው ጅማት ተቆጥቷል ብላ፣ «እረፊ፣ የዳሌሽን ጡንቻ አጠንክሪ፤ ማራቶኑ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ» አለችኝ። እኔ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ደውላችሁ «ልምምዱ እንዴት ነው?» ስትሉኝ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እል ነበር። ይህቺን መልስ ሁላችንም እናውቃታለን።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት የሕመም ማስታገሻ ዋጥኩ። ማስታገሻው ሕመሙን ደበቀልኝ እንጂ ጉዳቱን አላቆመውም። እስከ 15ኛው ማይል በዕቅዴ ሄድኩ። 16ኛው ላይ፣ ናሽናል ሞል አካባቢ፣ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። 20ኛው ማይል ላይ የ14ኛው ጎዳና ድልድይ አለ፤ እዚያ በሰዓቱ ያልደረሰ ሯጭ በአውቶቡስ ይወሰዳል። እኔ ጊዜ ነበረኝ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች ቀናሁ። ድልድዩ ረጅም ነው፣ የሚያጨበጭብ ሰው የለበትም።

ክሪስታል ሲቲ ስደርስ እህቶቼ ሻይ በፔርሙስ ይዘው ከአንድ ሰዓት በላይ በብርድ ቆመው አገኘኋቸው። አንድ ታላቅ አባላችን ሳነክስ አይተው፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?» አሉኝ። «ሦስት ሳምንት ሆነኝ» አልኩ። «ታዲያ እኛ ምንሽ ነን?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወደ ኢዎ ጂማ ሐውልት የሚያወጣውን የመጨረሻ ዳገት በእግሬ እየሄድኩ ወጣሁት። ሜዳሊያ ያጠለቀልኝ ወጣት ወታደር ሳለቅስ ሲያየኝ የደስታ መሰለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁም። ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳላነሳ ተከለከልኩ። የሥራ ሰዓቴ ተቀነሰ፣ የቤት ኪራይ ጎደለብኝ። የሮጥኩለትን ፈንድ ራሴ ብድር ጠየቅሁ። ቅጹ ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ተቀመጠ፤ እሱን መሙላት ከድልድዩ የበለጠ ከበደኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ያኔ ገባኝ።

አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ያሸነፈውን ሁላችንም እናወራለን። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ግን እግሩን ታሞ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ቀጠለና ወርቁን ወሰደ። ስለዚያ ቀን ብሎ አበበን የሚያሳንስ ሰው አላውቅም። ማቆም ነውር አይደለም፣ የሚቀጥል ወገን ካለ። እኔም በጊዜ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ከመካከላችን አንዷ ግማሹን ትሮጥልኝ ነበር፤ ቢያንስ በብርድ አትቆሙም ነበር።

ደጋፊዎቻችን፣ እጥፉን አልጠይቃችሁም። በማይል የሰጣችሁት ግን በሙሉ ተሠርቶበታል፤ 26ቱም ማይል አልቋል፣ የመጨረሻዎቹ በእንቁላል አካሄድ ቢሆንም። ብድሬንም ከስድስቱ ወር የአራቱን ከፍያለሁ።

እህቶቼ፣ ኪራይ ያለፈባችሁ ወይም የሐኪም ቤት ደረሰኝ መሳቢያ ውስጥ የደበቃችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ቡናው ሲፈላ ከኮሚቴው አባላት ወደ አንዷ ጠጋ በሉ። ሦስት ሳምንት አትጠብቁ።

ባለሙያዋ ከፈቀደችልኝ ለከርሞ እሮጣለሁ። ሰዓት ግን አልፎክርም።