ቴርሞስታቱ ግድግዳው ላይ፣ ቁልፉ በማን እጅ?

(ከብርዱ ወራት በፊት በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ስለ ስማርት ቴርሞስታት እንድናገር ስትጠይቁኝ፣ «እሱ የወንዶች ሥራ ነው» ያላችሁም አልጠፋችሁም። ነገር ግን የማሞቂያውን ሂሳብ የምንከፍለው፣ ሕፃን ታቅፈን የምናድረው፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተን ቀዝቃዛ ቤት የምንገባው እኛው ነን። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጥቅሙ። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፣ የቤቱን ሙቀት ከተለመደው በቀን ለ8 ሰዓት ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ ያደረገ፣ በበጋ ደግሞ ከፍ ያደረገ ቤተሰብ፣ በዓመት ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ከሚያወጣው እስከ 10 በመቶ ሊቆጥብ ይችላል። ልብ በሉ፣ ገንዘቡን የሚቆጥበው የሰዓት ፕሮግራሙ እንጂ ዕቃው ግድግዳ ላይ መሰቀሉ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ፕሮግራም ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው የታሰበ ነው። ማታ ወጥታ ጠዋት ለምትገባ እህት ግን መገልበጥ አለበት። አለዚያ ባዶ ቤት እያሞቀ፣ እሷ ስትተኛ ያቀዘቅዝባታል።

አረጋውያን እናቶች ወይም ሕፃናት ያሉበት ቤት ለቁጠባ ተብሎ ብዙ ዝቅ አይደረግም። ለአረጋውያን ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት ይመከራል። ቤታችሁ የሚሞቀው በሂት ፓምፕ ከሆነም ሙቀቱን በአንድ ጊዜ ብዙ አታውርዱ። መልሶ ለማሞቅ ሲጣደፍ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላውን ረዳት ማሞቂያ ይቀሰቅሳልና።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ተከራይ ከሆናችሁ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ሁለተኛ፣ የድሮውን ቴርሞስታት ክዳን ከፍታችሁ ሽቦዎቹን ተመልከቱ። ቀጫጭንና ባለ ቀለም ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የ24 ቮልት ናቸው፤ ስማርት ቴርሞስታት ይቀበላሉ። ወፋፍራም ከሆኑ፣ ወይም ዕቃው ላይ 120 ወይም 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ፣ አትንኩት፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ። ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ ወይም የጋዝ ኩባንያችሁ ቅናሽ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ ቅናሽ ግን «በከፍተኛ ፍጆታ ሰዓት ሙቀቱን እኛ እንለውጣለን» የሚል ውል አለው። ሳታነቡ አትፈርሙ።

አሁን ወደ ተከላው። ካቻቢቴና ስልካችሁ ይበቃሉ።

የማሞቂያውንም የማቀዝቀዣውንም ብሬከር አጥፉ። ከዚያ ቴርሞስታቱን ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ምንም የሚነሣ ነገር አለመኖሩን አረጋግጡ። ክዳኑን አውጡና ማንኛውንም ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። እያንዳንዱ ሽቦ የገባበትን ፊደል በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት። አር ኃይል ነው፤ ደብሊው ማሞቂያ፣ ዋይ ማቀዝቀዣ፣ ጂ አየር ማራገቢያ፣ ሲ ደግሞ ለቴርሞስታቱ የማያቋርጥ ኃይል የሚያደርሰው ሽቦ ነው። የሽቦው ቀለም ሊያሳስት ስለሚችል በፊደሉ ተመሩ።

በድሮ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሲ ነው። አንዳንዴ ግን ሥራ ፈትቶ ግድግዳው ውስጥ የተጠቀለለ ትርፍ ሽቦ ይገኛል። እሱ የሚሠራው በሌላው ጫፍም ከማሞቂያው ሲ ጋር ከተያያዘ ነው። ከሌለ ደግሞ አንዳንድ ፋብሪካዎች ማገናኛ ዕቃ ይሸጣሉ። አሮጌውን ቴርሞስታት ግን ዝም ብላችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። ከቀደሙት ብዙዎቹ ሜርኩሪ፣ ማለትም ባዚቃ፣ አለባቸው። በየካውንቲው አደገኛ ዕቃ ወደሚቀበሉበት ቦታ ውሰዱት።

እስካሁን ስለ ሽቦ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ መለያው በማን ስም ይከፈታል?

ቴርሞስታቱ ከዋይፋይ ሲገናኝ የባለቤትነት መለያ ይጠይቃል። በስሙ የከፈተው ሰው የትም ሆኖ ሙቀቱን ይለውጣል፤ ማን መቼ እንደወጣና እንደገባም ከሞላ ጎደል ማወቅ ይችላል። ቀጥሎ ካሜራ፣ የበር ቁልፍና መብራት ሲጨመሩ መላው ቤት በዚያ ሰው ስልክ ውስጥ ይገባል። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደዘገበው፣ እነዚህን ዕቃዎች በትዳር አጋራቸው ላይ መቆጣጠሪያና ማሰቃያ ያደረጉ ሰዎች አሉ። ቤቱ በድንገት ይጋላል ወይም ይቀዘቅዛል፤ ሴትየዋም «አእምሮዬ ነው ወይ?» እስክትል ድረስ ትጨነቃለች።

ይህን የምለው በሰላም ቤት ጥርጣሬ ልዘራ አይደለም። ባልና ሚስት ሁለቱም ሙሉ ፈቃድ ይኑራቸው። የይለፍ ቃሉን እናንተም እወቁት፤ በስልክ የሚመጣውን ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሩ። «ልጄ ያውቀዋል» ብላችሁ አትተዉት። ቤት ስትለውጡ መለያውን ከዕቃው ላይ አጥፉ። ያገለገለ ቤት ስትገዙ ወይም ስትከራዩም የቀድሞው ሰው መለያ መጥፋቱን አረጋግጡ።

ፍርሃት ያለባት እህት ካለች ግን አንድ ነገር ላሳስብ፤ የእሱን መግቢያ በድንገት መዝጋት ቁጣ ሊያስነሣ ይችላል። አስቀድማ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ትምከር። የአሜሪካ ብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233 ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ስትደውል እሱ በማያየው ስልክ ይሁን።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ሁለት ሁለት ሆነን አንዳችን የሌላችንን እንትከል። አንዷ ብሬከሩን ስታጠፋ ሌላዋ ፎቶ ታንሣ፤ መለያውን ግን እያንዳንዷ በራሷ እጅ ትክፈት። ለመተባበር የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ።

የምንሞቅበት ቤት ያድርግልን።