የዘጠኝ ወሩ ክትባትና ያልተጠየቀው ጥያቄ



በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አንዲት እናት «ልጄ ስጠራው አይዞርም» ብላ ስትናገር የሚሰጣት መልስ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የታወቀ ነው። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» ይሏታል። ቃሉ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ አንዳንዴም እውነት ይሆናል። ነገር ግን እናቲቱ ስለ አፍ መፍታት አልጠየቀችም። ዛሬ ላተኩርበት የምሻው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ሕፃን ከመናገሩ አስቀድሞ ይግባባል። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ፊት አይቶ ፈገግ ይላል፤ በዘጠነኛው ወር አካባቢ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል፤ ዓመት ሲሞላው ገደማ ደግሞ በጣቱ መጠቆም ይጀምራል። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው መጠቆሙ ይመስለኛል። ዳቦ ፈልጎ የሚጠቁም ልጅ አንድ ነገር እየጠየቀ ነው። በመንገድ የሚያልፈውን ባጃጅ ጠቁሞ መለስ ብሎ የእናቱን ፊት የሚያይ ልጅ ግን ምንም አይጠይቅም፤ ያየውን እንድታይለት ብቻ ይሻል። ይህ ሁለተኛው ጥቆማ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ካልታየ ልጁ ሊመረመር ይገባል። ያገኘውን ችሎታ መልሶ ካጣ ደግሞ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ «እስቲ እንጠብቅ» ማለት አይገባም።

እነዚህ ዕድሜዎች ከክትባት መርሐ ግብራችን ጋር መቀራረባቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። የአገራችን ሕፃን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ቀጥሎም በ9 ወሩ ይከተባል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ይሰጣል። ስለዚህ ልጁ በትክክለኛው ጊዜ በጤና ባለሙያ ፊት ቀርቧል። ክብደቱ ይለካል፣ ይከተባል፣ ካርዱ ይሞላል፤ «ስሙን ስትጠሪው ይዞራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን የሚነሣው በአጋጣሚ ነው።

ጥያቄውም ቢሆን ከውጭ ተገልብጦ እንዳለ የሚያገለግል አይደለም። በወሎ አንድ ሕፃን አያቱ ያወጡለት ስም፣ የቤት ስምና የመዝገብ ስም ሊኖረው ይችላል። «አቡሽ» እየተባለ የከረመ ልጅ በካርዱ ላይ በተጻፈው ስም ተጠርቶ ባይዞር ምን ይገርማል? በጅማ የዴንቨር የልጆች ዕድገት መመዘኛ ከአካባቢው አኗኗር ጋር እንዲጣጣም ተደርጎ ተሠርቷል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣችሁ ተማሪዎች ካላችሁ ከዚህ የተሻለ አላውቅላችሁም።

በቤት ስሙ ተጠርቶም ካልዞረ፣ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ኦቲዝም ሳይሆን ጆሮ ነው። በር ሲላተም መደንገጡ ለስለስ ያለ ድምፅ ለመስማቱ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ የመስማት ምርመራ ይቅደም።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በራሳቸው ልጅ ምክንያት የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲመሠርቱ እ.ኤ.አ. 2002 ነበር። ለደሴ ወላጅ ማዕከሉ ከ400 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ነው፤ ጉዞውን የሚችለውም ጥቂቱ ነው። ደግነቱ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ምርመራ እስኪጠናቀቅ አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል፤ መሠረቱም የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። በኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ የገባች እናት ልጇን ስታጥብ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ እርሱ የሚያየውን እያየች ስሙን ብትነግረው፣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ብትገልጥለት፣ ተራውንም ብትጠብቅለት ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

ከጤና ባለሙያው የምጠብቀው ደግሞ ትንሽ ነው፦ እናቲቱ በ9 ወሩ የተናገረችውን ቃል ከነቀኑ በካርዱ ላይ ይጻፍላት። በ15 ወሩ ስትመለስ የሚነጻጸርበት ነገር ይኖራል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልለፍ።