የጉድጓዳችንን ውሃ እንጠብቅ
(በገበሬዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በዓይናችን ስለማናየው ሀብታችን ነው። መሬታችንን እናየዋለን፤ በገመድ እንለካዋለን። ከብቶቻችንን እንቆጥራለን። እህላችንን በቁና እንሰፍራለን። ከእግራችን ሥር ያለውን ውሃ ግን አናየውም፤ አንሰፍረውምም። ስለማናየው የማያልቅና የማይበላሽ ይመስለናል። ነገር ግን ያልቃል፤ ይበላሻልም።

ለመሆኑ ይህ ውሃ ከየት ይመጣል? የሚመጣው ከዝናብ ነው። በክረምት ከሚጥለው ዝናብ ከፊሉ በጎርፍ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከፊሉ በፀሐይ ይተንናል። የቀረው ወደ መሬት ይሰርጋል። የሰረገው ውሃ ቁልቁል ወርዶ በአሸዋና በጠጠር መካከል፣ በተሰነጣጠቀ ዐለትም ውስጥ ይጠራቀማል። የከርሰ ምድር ውሃ የምንለው ይህን ነው።

ብዙዎቻችን ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ የተኛ ውሃ ያለ ይመስለናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አንድ ማሰሮ ጠጠር ሞልተን ውሃ ብናፈስበት ውሃው በጠጠሮቹ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። ከመሬት በታች ያለውም እንዲሁ ነው። ጉድጓድ ስንቆፍር ከዚያ መካከል ውሃው ቀስ እያለ ወደ ጉድጓዳችን ይመጣል።

እንግዲህ ልብ እንበል። የኛ ጉድጓድና የጎረቤታችን ጉድጓድ አፋቸው ሁለት ቢሆንም ሆዳቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሁለት ሰዎች ከአንድ ጋን በሁለት ጣሳ እንደሚቀዱ ማለት ነው። አንዱ በጋኑ ውስጥ ቆሻሻ ቢጨምር ሁለቱም ይጠጡታል። አንዱ ቀድቶ ቢጨርሰው ሁለቱም ይጠማሉ። የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ መበከል እንናገር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ፣ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ ዳር አንድ የውሃ ጉድጓድ ነበር። የሰፈሩ ሰው ውሃው ጣፋጭ ነው እያለ ይወደው ነበር። በዚያ ዓመት ኮሌራ ገባና በ10 ቀን ውስጥ ከ500 የሚበልጡ የአካባቢው ሰዎች አለቁ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም በየቤቱ እየዞረ የሞቱት ሰዎች ከየት ይጠጡ እንደነበር ጠየቀ። አብዛኞቹ ከዚያ ጉድጓድ የጠጡ ሆነው አገኛቸው። ለሹማምንቱ አስረድቶ የጉድጓዱን ፓምፕ እጀታ አስነቀለ።

በኋላ መሬቱ ሲቆፈር ነገሩ ተገለጠ። በአንድ ቤት ሥር የነበረው የቆሻሻ ጉድጓድ ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር። በዚያ ቤት አንድ ሕፃን ታሞ ነበርና የሕፃኑ ጨርቅ የታጠበበት ውሃ ወደ ቆሻሻው ጉድጓድ ተደፍቷል። የጉድጓዱ ግንብ ፈራርሶ ስለነበር ቆሻሻው በአፈር ውስጥ ወደ መጠጡ ውሃ ይሰርግ ነበር። እናቲቱ ምን አጠፋች? ከመሬት በታች ያለውን መንገድ አላየችም። እኛም አናየውም። ስለዚህ ውሃችን ጠርቶና ጣፍጦ ስለተገኘ ብቻ ንጹሕ ነው አንበል።

አፈር ማጥለያ አይደለም ወይ? የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ ደቃቅ አፈር ብዙ ተሕዋስያንን አጥልሎ ያስቀራል። ነገር ግን ለማጥለል ርቀትና ጊዜ ይፈልጋል። ዐለቱ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ደግሞ ቆሻሻው ሳይጠለል በስንጥቁ ፈጥኖ ያልፋል። ስለዚህ ሽንት ቤታችን ከውሃ ጉድጓዳችን ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ይህም በደህና እርምጃ 40 እርምጃ ያህል ነው። መሬቱ ስንጥቅ ዐለት ከሆነ ከዚያም በላይ እናርቀው። ቦታውም ከጉድጓዱ በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል ይሁን።

የጉድጓዱን አፍ በግንብ ከፍ እናድርገው። ክዳን እናብጅለት። አንድ ባልዲ ብቻ ይኑረው፤ ባልዲውም መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ይሰቀል። የከብት ማጠጫ ገንዳ ራቅ ብሎ ይሠራ። የደረቀ አሮጌ ጉድጓድም የጥራጊና የሞተ ከብት መጣያ አይሁን። እሱም ከዚያው ጋን ጋር የተያያዘ አፍ ነውና።

አፈር ፈጽሞ የማያጠልለውም ነገር አለ። ጨው የሟሟበትን ውሃ በነጠላ ብናጠልለው ጨውነቱን ይተዋል? አይተውም። ከማዳበሪያና ከከብት አዛባ የሚወጣው ናይትሬት የሚባለው ነገርም እንደ ጨው ነው። ውሃው ውስጥ ሟሙቶ አብሮ ይወርዳል። ከመጠን ሲያልፍ ከ6 ወር በታች ያሉትን ሕፃናት ይጎዳል። ደማቸው አየር መሸከም ያቅተውና ከንፈራቸው ይጠቁራል። የፈላ ውሃ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው በትነት ሲቀንስ የቀረው ይጠነክራል። ስለዚህ ማዳበሪያን በልክና በጊዜው እንጨምር። የአዛባውን ክምር ከጉድጓድ እናርቅ። የፀረ ተባይ መርጫችንን በጉድጓድ ወይም በምንጭ አጠገብ አንጠብ። ባዶውን የመድኃኒት ጠርሙስና ጀሪካንም ለውሃ መቅጃ ከቶ አናድርገው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ስለ ውሃው ማለቅ እንለፍ። በሐረርጌ፣ ከሐረር ከተማ ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ ሐረማያ የሚባል ሐይቅ አለ። ቀድሞ ዓለማያ ይባል ነበር። ለብዙ ዓመታት የሐረር ሕዝብ ይጠጣው ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬም ጫትና አትክልት ያጠጣበት ነበር። የሞተር ፓምፑ እየበዛ ሄደ። ከተማውም አደገ። ተራራው ተራቁቶ ስለነበር ጎርፉ ደለል እያመጣ ሐይቁን ሞላው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ ይሄድበት የነበረው ቦታ የከብት መሰማሪያ ሆነ። ለሐረር ሕዝብም ውሃ ከሩቅ፣ በቆላው ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች፣ በቧንቧ ወደ ደጋ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ።

ሐይቁን ያደረቀው አንድ ሰው አይደለም። እያንዳንዱ የቀዳው ለልጆቹ እንጀራ ብሎ ነው። የሁሉም ቅጂ ሲደመር ግን ክረምቱ ከሚያስገባው በለጠ። ሐይቅ ሲጎድል በዓይን ይታያል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሲጎድል ግን ማን ያየዋል? ዛሬ በየመንደሩ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ እየገባ ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ነዳጅ አይጠይቅም። ነገር ግን ወጪ የለውም ብለን ቀኑን ሙሉ ብንለቀው የጎረቤታችን ጉድጓድ ይደርቃል፤ ቆይቶም የኛው ይከተላል። «ጉድጓዱ በኔ ይዞታ ላይ ነው፤ ማን አገባው?» ማለት አይቻልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል።

ታዲያ የጎደለው ጋን አይሞላም ወይ? ይሞላል። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባል መንደር አለ። አገሩ ተራቁቶ፣ ውሃው ጠፍቶ ነበር። ሕዝቡ ተባብሮ ተራራውን ከልቶ ከብት እንዳይገባበት አደረገ። እርከን ሠራ። ጎርፉን የሚያቆምና የሚያሰርግ ቦይና ኩሬ ቆፈረ። ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር ዘጋ። ሸሽቶ ይሄድ የነበረው ዝናብ ወደ መሬት ገባ። ከዚያ በኋላ ገበሬው በየማሳው በእጁ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ አገኘ። መንደሩም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማትን ተቀብሏል። የሐረማያ ሐይቅም ቢሆን በዙሪያው የአፈርና የውሃ ጥበቃ ሥራ ከተሠራ በኋላ በ2010ዎቹ ዓ.ም. እንደገና ውሃ መያዝ ጀምሯል። እርከን የምንሠራው ለአፈሩ ብቻ አይደለም፤ የጋናችንን አፍ መክፈት ነው።

በመጨረሻም አንድ ሥራ እናቅርብ። ማንበብና መጻፍ ችለናል፤ ስለዚህ የማናየውን ውሃ በጽሑፍ ልናየው እንችላለን። አንድ ገመድ ወስደን በየሜትሩ እንቋጥረው፤ ጫፉ ላይ ንጹሕ ድንጋይ እንሰርበት። በየወሩ መጀመሪያ፣ ጠዋት፣ ሰው ሳይቀዳ ወደ ጉድጓዱ እናውርደው። ውሃው እስኪነካ ስንት ቋጠሮ እንደወረደ ቆጥረን በደብተር እንጻፈው። ለምሳሌ በጥቅምት 6 ሜትር፣ በግንቦት 9 ሜትር ሆነ እንበል። በጋው ስለሆነ ይህ አያስደነግጥም። በሚቀጥለው ጥቅምት ወደ 6 ከተመለሰ ክረምቱ የቀዳነውን ተክቶልናል ማለት ነው። 7 ላይ ከቆመ፣ በሦስተኛው ዓመትም 8 ከሆነ፣ ዝናቡ ቀንሶ ወይም የምንቀዳው ከሚገባው በልጦ ነው። ያን ጊዜ ደብተሩን ይዘን በስብሰባ እንቀመጥ። ማን በየትኛው ቀን፣ ለስንት ሰዓት ፓምፕ እንደሚያስነሳ እንስማማ። ለመጠጥ የሚሆነው ይቅደም፤ ለመስኖ የሚሆነው ይከተል።

ጉድጓዱ ደርቆ ጭቃ ከወጣ በኋላ መወቃቀስ እንስራ አይሞላም። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ገመዱንም ደብተሩንም ዛሬ እናዘጋጅ።